የሞተር ሚኒሞ ሲዋዥቅ አየር የሚስብበትን ቦታ መፈለግ

የቤንዚን ሞተር ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጡት ሲሠራ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች በደቂቃ ከ600 እስከ 850 ባለው ዙር መካከል ረግቶ መሥራት አለበት። ዙሩ ከፍ ዝቅ የሚል ወይም የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተሩ የሚጠፋ ከሆነ፣ የሚኒሞውን ብሎን አዙሮ ዙሩን ከፍ ማድረግ ምልክቱን ይደብቃል እንጂ ብልሽቱን አያነሣም።

በመጀመሪያ የመንቀጥቀጡን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ምቱን ጠብቆ የሚደጋገምና ቤንዚን ሲሰጡትም የማይጠፋ ከሆነ ካንዴላ፣ ኮይል ወይም ኢንጀክተር ይመረመራል። በሚኒሞ ብቻ የሚብስ ከሆነ ግን ሞተሩ ባልተገባ ቦታ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ስሮትሉ (የአየር መግቢያው ክዳን) ሲዘጋ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ስለሚበረታ፣ በትንሽ ስንጥቅ የሚገባው አየር ሞተሩ በዚያ ሰዓት ከሚፈልገው ጥቂት አየር አንጻር ብዙ ነው። ስካነር ላይ ፒ 0171 የሚለው፣ ከቤንዚኑ አንጻር አየሩ መብዛቱን የሚያመለክት ኮድ ከወጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ፍለጋው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቢጀመር ይመረጣል፤ አንዳንድ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ቱቦዎቹን ከላይ ማየት ብቻውን አይበቃም። በተለይ ከዘይት ትነት ቫልቭ ወደ ማኒፎልድ የሚሄደው ላስቲክ በዘይት ስለሚላላ፣ ደህና መስሎ ተቀምጦ በጣት ሲያጥፉት ከሥር በኩል ያለው ስንጥቅ አፉን ይከፍታል። የላሉ ፋሸታዎችም (የቱቦ ማሰሪያዎች) በዚሁ ጊዜ ይጠበቁ።

ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ፣ እጅንና ልብስን ከቺንጋና (ከሚሽከረከረው ቀበቶ) ከቬንትሌተር አርቆ፣ የሳሙና ውኃ በትንሽ በትንሹ በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ዙሪያና በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ መርጨት ነው። ዙሩ ውኃው ባረፈበት ቅጽበት ከተለወጠ ቦታው ተገኝቷል። ውኃው ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬቶች እንዳይደርስ መጠንቀቅ ይገባል። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ ሆኖም በጋለ ሞተር ላይ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አልመክረውም።

በማኒፎልዱ የመሳብ ኃይል የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀለው የፍሬን ሰርቮ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ፣ እንደረገጡ ማስነሣት ነው፤ ፔዳሉ በትንሹ ወደ ታች ካልወረደ፣ ወይም በተረገጠ ቁጥር የሹክሹክታ ድምፅ ተሰምቶ ሚኒሞው ከተረበሸ፣ ሰርቮው ወይም ቱቦው ችግር አለበት።

የማኒፎልዱን የመሳብ ኃይል በቫኪዩም ጌጅ የሚለካ ሰው ደግሞ ከፍታን ማሰብ አለበት። ለጤነኛ ሞተር የሚጠቀሰው ከ17 እስከ 21 ኢንች የሜርኩሪ ንባብ ለባሕር ጠለል የወጣ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ከ10 እስከ 13 የሚያነብ ሞተር ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌውን መርጋት ማየት ይሻላል፤ ይህ ሳይታወቅ የተፈታ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ባለቤቱን ያለ ጥፋቱ ያስከፍለዋል።