«ብርዱ ነው» እና ሌሎች የመንቀጥቀጥ ስህተቶች

ደሴ ላይ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ብርድ የመታው ነው። የጦሳ ብርድ ያንቀጠቅጣል፣ አልክድም። ግን ብርድ ጭን ላይ ያረፈ አንድ እጅ መርጦ አያንቀጠቅጥም። «ይለቀኛል» እያሉ ሁለት ክረምት አሳልፈው የሚመጡ ብዙ ናቸው።

ተቃራኒው ስህተት ሁሉንም ፓርኪንሰን፣ ማለትም እንቅስቃሴን ቀስ በቀስ የሚያዘገየው የአንጎል ሕመም፣ ነው ማለት ነው። ይሄን እኔው ሠርቼዋለሁ፣ ያውም ነርስ ሆኜ። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ሲኒ ስታነሳ አፏ ጋ እስኪደርስ ግማሹ ቡና ቀሚሷ ላይ ነው። «ፓርኪንሰን ነው» ብዬ አስለቀስኳት። እጇ ሲያርፍ ጸጥ እንደሚል ግን አላየሁም። የሷ ዕቃ ሲያነሱ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ በዘር የሚወርደው ነው፤ እናቷም እንዲሁ ነበሩ። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ እጅ ሲያርፍ ይታያል፣ ከአንድ ወገን ይጀምራል። ሕመሙ እርምጃም ያሳጥራል፣ ጽሕፈትም ያሳንሳል። ፊርማቸው እያነሰ ሄዶ ባንክ «አይመሳሰልም» ብሎ የመለሳቸው አባት አውቃለሁ፣ እጃቸው ገና መንቀጥቀጥ እንኳ አልጀመረም ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የተወሰደውን መድኃኒት አለመናገር ነው። አንዲት ልጅ ማስታወኳን እንዲያቆምላት መርፌ ተወጋች። ማታ አንገቷ ተጠመዘዘ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ። ወሎ ነውና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ገሚሱ ጸበል፣ ገሚሱ ዱዓ። እኛ ጋ የደረሰችው በማግስቱ ነው፣ መርፌውንም ያነሳ የለም፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄ እናትየው «እ፣ ፕላሲል ተወግታለች» አሉ። ማርከሻው ተሰጣት፣ ቡና በሚፈላበት ጊዜ ውስጥ አንገቷ ተመለሰ። ጸበሉም ዱዓውም ይሁን፣ ማን ከለከለ፤ ግን የመድኃኒቱን ወረቀት ይዛችሁ መጀመሪያ ወደኛ ኑ! ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንዲህ ያደርጋል፣ ሲቆይ ደግሞ ቁርጥ ፓርኪንሰን ይመስላል። የአስም መንፊያም እጅ ያንቀጠቅጣል። መድኃኒት ከሌለ ደግሞ እንቅርት፣ በተለይ ከከሱና ልባቸው በፍጥነት ከመታ፣ ይመርመር።

የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነውን ሌቮዶፓ የጀመራችሁ፣ «ተሻለኝ» ብላችሁ በድንገት እንዳታቆሙ፣ አደገኛ ነው። ሆድ ከቻለው ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ውሰዱት፤ ሥጋና እንቁላል ጉልበቱን ይቀንሱታል።

አረቄ ያቆመዋል የሚሉ አልዋሹም፣ እንደ አክስቴ ላለው ለጊዜው ያበርዳል። ሲወጣ ብሶ ይመለሳል።

እንደ አክስቴ ላለው መንቀጥቀጥ የሚሰጠውን ፕሮፕራኖሎል ከጎረቤት መዋስ? አስም ካለባችሁ ትንፋሽ ያሳጥራችኋል።

አክስቴ አሁን ሲኒዋን ግማሽ አስቀድታ በሁለት እጇ ትይዛለች። በሩ ላይ ስታየኝ «ዶክተር መጣ» ትላለች፣ እየሳቀች።