የዲዮራማ (አንድን ቦታ አሳንሶ የሚያሳይ ሞዴል) ውሃ እውነተኛ እንዲመስል

ጣናን ከነታንኳው በ1/35 ስኬል (ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሳችሁ) የምትሰሩ ከሆነ መጀመሪያ ሰማያዊ ቀለሙን ተዉት፣ ክረምት ላይ ሐይቁ ደፍርሶ ቡናማ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ወለሉን ዳር ዳሩን ፈዘዝ ባለ ቡናማ መሃሉን ጠቆር አድርጋችሁ ቀቡና ኢፖክሲ ሬዚኑን (ሲደርቅ ጠንክሮ ጥርት የሚለውን ፈሳሽ ፕላስቲክ) በስስ በስሱ፣ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ እየደረባችሁ አፍስሱ። በአንዴ ወፍራም ካፈሰሳችሁት ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮትም ክፈቱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ዳርቻውን ነው! ውሃ የነካው አፈር፣ የደንገሉ ስርና የታንኳው ታችኛው ጎን ከደረቁ ክፍል ጠቆር ማለት አለበት፣ እሱን በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ቡናማ ቀብታችሁ ከላዩ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ጣል አድርጉበት፣ ወዲያው እርጥብ ይመስላል። ሞገዱን ሬዚኑ ከደረቀ በኋላ በአክሪሊክ ጄል (ሲደርቅ ጥርት የሚል ወፍራም የቀለም ቅባት) ስሩት፣ ከታንኳው ኋላ እየሰፋ የሚሄድ መስመር፣ መቅዘፊያው የገባበት ጋ ደግሞ ትንንሽ ክብ ክብ። ነጭ አረፋ አታብዙ፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ ታንኳ ያን ያህል ውሃ አይበጠብጥም።