ዊንስ ሰርቨር ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«በዚህ ዘመን ዊንስ ሰርቨር ማን ይጠቀማል?» የምትሉ ዕድለኞች ናችሁ። አሮጌ የሂሳብ ሶፍትዌር ያለበት ቢሮ የሠራ ሰው ግን ያውቀዋል። በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚንቀሳቀስ ማሽን ያለበት ፋብሪካ የሠራም ያውቀዋል። ስካን ያደረገውን ወደ ሼር ፎልደር የሚልክ የቆየ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያለበት መሥሪያ ቤትም እንዲሁ።

ኔትባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ላይ በአጭር ስም የሚጠራሩበት አሮጌ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ለአይቢኤም የተሠራ ነው። ዊንስን ማይክሮሶፍት ያመጣው በ1994 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.5 ጋር ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ የኮምፒውተር ስም ሲጠየቅ አይፒ አድራሻውን ይናገራል። ብሮድካስት (ለሁሉም ማሽን በአንዴ የሚላክ ጥያቄ) ራውተር አያልፍም። ስለዚህ ሌላ ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍል) ላይ ያለን ማሽን በኔትባዮስ ስሙ ለማግኘት እንዲህ ያለ መዝገብ ያስፈልጋል።

ችግሩ አብዛኞቹ ወጣት አይቲዎች ሳይማሩት መረከባቸው ነው። የተማሩት የኢንተርኔቱን የስም መዝገብ ዲኤንኤስን ስለሆነ ዊንስንም እንደዚያ ሊይዙት ይሞክራሉ። በዊንስ ግን ማሽኖቹ ራሳቸው ይመዘገባሉ፣ ራሳቸው ያድሳሉ። የጠፉትን ሰርቨሩ በጊዜው ያጸዳል። የሚበላሸው እጅ ሲበዛበት ነው።

ስታቲክ ሪከርድ መጻፍ

ከዚህ ልጀምር፤ በዚህ ጉዳይ ትዕግሥቴ አልቋል።

አካሄዱ ሁሌም አንድ ነው። አንድ ሰርቨር በስሙ አልገኝ ይላል። ተጠቃሚው «ሲስተም የለም» ብሎ ይደውላል። አይቲው የዊንስ ኮንሶሉን ይከፍትና አዲስ ስታቲክ ማፒንግ፣ ማለትም በእጅ የተጻፈ ቋሚ ሪከርድ፣ ይፈጥራል። ስሙን ይጽፋል፣ አይፒውን ይጽፋል፣ ኦኬ ይላል። ሠራ! ሁሉም ያመሰግነዋል። ሰርቨሩ በራሱ ያልተመዘገበው ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ሰርቨር ላይ የዊንስ አድራሻው አለመሞላቱ ወይም በስህተት መሞላቱ ነው።

ከወራት በኋላ ሰርቨሩ ይቀየራል፣ ወይም አይፒው ይቀየራል። አዲሱ ማሽን ሲነሳ ስሙን ላስመዝግብ ይላል። ዊንስ መዝገቡን ያያል። ስሙ በስታቲክ ተይዟል፣ አድራሻውም ሌላ ነው። እምቢ ይላል። ማሽኑ ደግሞ «በኔትወርኩ ላይ ተመሳሳይ ስም አለ» የሚል ስህተት ያወጣል። ከዚያ አይቲው ተመሳሳይ ስም ያለውን ኮምፒውተር ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ ይዞራል። አያገኘውም፤ የለማ!

ሪከርዱ ዳይናሚክ (ማሽኑ ራሱ ያስመዘገበው) ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዊንስ የድሮውን ባለቤት «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ሲያጣ ስሙን ለአዲሱ ይሰጣል። ስታቲክ ሪከርድ ግን ጊዜው አያልፍም። ሰፈር የቀየረ አባል ከነድሮ ቤት ቁጥሩ የዕድር መዝገብ ላይ እንደቀረ ማለት ነው። ማንም አይሰርዘውም፣ ጥሪው ግን አሁንም ወደዚያው ቤት ይሄዳል። ይባስ ብሎ ሪከርዱ በሬፕሊኬሽን (ሰርቨሮቹ መዝገባቸውን በሚለዋወጡበት መንገድ) ወደ ሌሎቹ ዊንስ ሰርቨሮች ሁሉ ይሰራጫል።

አንድ መሥሪያ ቤት ጠርተውኝ ኮንሶሉን ስከፍት ስታቲክ የሚለው አምድ ከላይ እስከ ታች ምልክት ተደርጎበት አገኘሁት። ከዚያ በፊት የነበረው ሠራተኛ የቢሮውን ፒሲ በሙሉ አንድ በአንድ በእጁ መዝግቦታል። «ዲኤችሲፒ አላምንም» ይል ነበር አሉ። እሱ ከሄደ በኋላ አይፒ በራሱ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ተተከለ። አድራሻዎቹ ተቀያየሩ። የሂሳብ ክፍሉ ፕሪንት ያደረገው ሰነድ ሰው ሀብት ክፍል ይወጣ ጀመር። ስንቱ ሰው የሌላውን የደመወዝ ወረቀት እንዳየ እግዜር ይወቀው። አንዳቸውም ግን ዊንስን አልጠረጠሩም። ሦስት ጊዜ ፕሪንተር ቀይረዋል።

ስታቲክ የሚያስፈልገው ለዊንስ ራሱን ማስመዝገብ ለማይችል ማሽን ብቻ ነው። ለምሳሌ ኔትባዮስ ለማያውቅ አሮጌ ዩኒክስ ሰርቨር። ከዚያ ውጭ አትንኩት። የተወረሰ የስታቲክ ክምር ካለባችሁ ደግሞ በሬፕሊኬሽን ፓርትነርስ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ማይግሬት ኦን» የሚባለውን ምርጫ አብሩት። ያኔ ማሽኖቹ ሲመዘገቡ ዩኒክ (የአንድ ማሽን ብቻ) የሆኑትን ስታቲኮች ይተኳቸዋል።

ሪከርድ ከአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ መሰረዝ

ሪከርድ ዲሊት ስትሉ ኮንሶሉ ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። አንደኛው ከዚህ ሰርቨር ላይ ብቻ ሰርዝ ይላል። ሁለተኛው ቱምስቶን አድርጎ (የሞተ ብሎ ምልክት አድርጎበት) መሰረዙን ለሌሎቹም ያሳውቃል። ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ወዲያው ከዓይን ይጠፋለታል። ፓርትነሩ፣ ማለትም መዝገብ የሚለዋወጠው ሌላኛው ዊንስ ሰርቨር፣ ግን ምንም አልሰማም፤ ሪከርዱን እንደያዘ ነው። ከዚያ ተመልሶ ሲመጣ «ይሄ ሰርቨር ጋኔን አለበት» የሚል ሰው ገጥሞኛል።

ፓርትነር ካላችሁ ቱምስቶን አድርጉ፤ ቢቻል የሪከርዱ ባለቤት በሆነው ሰርቨር ላይ። ከዚያ ታገሡ። ቱምስቶን የተደረገው ሪከርድ ከዳታቤዙ ጨርሶ የሚወጣው በነባሪው ቅንብር ከ6 ቀን በኋላ ነው። ያ ጊዜ ዜናው ለሁሉም እስኪዳረስ የተሰጠ ነው። በዚህ መሀል ጊዜውን ላሳጥረው ብሎ ኢንተርቫሎቹን የሚነካካ አለ። ተዉት። እድሳቱ 6 ቀን፣ ኤክስቲንክሽን ኢንተርቫሉ (የተለቀቀ ስም ቱምስቶን እስኪደረግ) 4 ቀን፣ ታይምአውቱ (ከዚያ ጨርሶ እስኪወጣ) 6 ቀን፣ ቬሪፊኬሽኑ (ከሌላ ሰርቨር የመጡ ስሞች እስኪጣሩ) 24 ቀን። ቁጥሮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። በተለይ አንዱ ሰርቨር ላይ ቀይሮ ሌላውን መርሳት የሞቱ ስሞች እንዲመላለሱ ያደርጋል።

ዊንስ ሰርቨሩን ራሱን ወደ ሌላ ማመልከት

በዲኤንኤስ ልማድ ሰርቨሩ ላይ የሚሞላውን ፕራይመሪ የዊንስ አድራሻ ወደ ራሱ፣ ሰከንደሪውን ወደ ሌላኛው ማድረግ ብልህነት ይመስላል። እዚህ አይሠራም። ማሽኑ ሲነሳ የዊንስ ሰርቪሱ ገና ሳይጀምር ኔትወርክ ካርዱ ስም ማስመዝገብ ይፈልጋል። ራሱን ሲያጣ ሌላኛው ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። አሁን የአንድ ማሽን ስሞች ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ባለቤት አላቸው። ፕራይመሪውም ሰከንደሪውም ራሱ ይሁን።

ሁለት ኔትወርክ ካርድ ያለው ማሽን ላይም ዊንስ አትትከሉ። ቪፒኤን የሚቀበል ሰርቨር ላይ ደግሞ በፍጹም፤ ለውጭ ግንኙነቱ የተሰጠው አድራሻ በሰርቨሩ ስም ይመዘገብና የቢሮው ሰው የማይደርስበት አይፒ ይሰጠዋል።

በፒንግ መፈተን

«ፒንግ አድርጌው በስሙ መልሷል፣ ዊንስ ደህና ነው።» አይደለም። አጭር ስም ፒንግ ስታደርጉ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ሆስትስ ፋይሉን (ማሽኑ ላይ ያለውን የስም ዝርዝር) እና ዲኤንኤስን ነው የሚጠይቀው። ዊንስ ሞቶም ፒንግ ሊመልስ ይችላል። ኤንቢቲስታት የሚለውን ትዕዛዝ ልመዱ። በትንሹ ሲ ስትጠሩት በካሽ (ማሽኑ ለጊዜው በያዘው ማስታወሻ) ያለውን የኔትባዮስ ስም ያሳያችኋል። በካፒታል አር ካሹን ያጸዳል። በሁለት ካፒታል አር ማሽኑ ስሙን ለቆ እንደገና ይመዘገባል። ካሹ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ስለዚህ አስተካክላችሁ ወዲያው ስትሞክሩ የድሮውን መልስ ብታገኙ አትደንግጡ፣ አጽዱትና ድገሙ።

ከ15 ፊደል የበለጠ ስም

የኔትባዮስ ስም 16 ባይት ነው። አስራ ስድስተኛው የአገልግሎቱን ዓይነት ስለሚናገር ለእናንተ የሚተርፈው 15 ነው። አንድ ቅርንጫፍ ኮምፒውተሮቹን በላቲን ፊደል «አዲስአበባ-ፋይናንስ-01»፣ «አዲስአበባ-ፋይናንስ-02» እያለ ሰይሟል እንበል። አስራ አምስተኛው ፊደል ላይ ሲቆረጥ ሁሉም «አዲስአበባ-ፋይና» ይሆናሉ። ቁጥሩ የተቀመጠው የሚቆረጠው ጫፍ ላይ ነው! ዊንዶውስ ስሙ ሲሰጥ ያስጠነቅቃል፤ ያንን መስኮት የሚያነብ ሰው ግን አላየሁም። ውጤቱ ደግሞ በጠዋት ቀድሞ ማሽኑን የከፈተው ሰው ስሙን መውሰዱ ነው። መለያውን ፊት አድርጉት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ መደናገጥ

መብራት ሲመጣ የሕንጻው ኮምፒውተር ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ልመዝገብ ይላል። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ዊንስ ለዚህ ዘዴ አለው። በነባሪው ከ500 በላይ ጥያቄ ሲደራረብበት ሳያጣራ «እሺ» ይላል፣ ግን አጭር ዕድሜ ይሰጣቸዋል። ለመጀመሪያዎቹ 100 የ5 ደቂቃ፣ ለቀጣዮቹ 100 የ10 ደቂቃ፣ እንዲህ እያለ እስከ 50 ደቂቃ። ቆየት ብለው ተመልሰው ይመጣሉ፣ ያኔ በትክክል ይመዘግባቸዋል። እናንተ ግን በዚያ ሰዓት ሰርቪሱን ሪስታርት ካደረጋችሁት የተጠራቀመውን ሁሉ እንደገና ከዜሮ ታስጀምሩታላችሁ። ሻይ ጠጥታችሁ ኑ።

ዩፒኤስ የሌለው ዊንስ ሰርቨር ግን ሌላ ጣጣ አለው። በድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። ኮንሶሉ ላይ የባክአፕ ፎልደር አመልክቱለት። አንዴ ካመለከታችሁት በየ3 ሰዓቱ በራሱ ባክአፕ ይወስዳል። ካላመለከታችሁት አይወስድም፤ ይህንን የሚያውቁት ከተበላሸ በኋላ ነው። ፎልደሩ እዚያው ማሽን ዲስክ ላይ ይሁን እንጂ በኔትወርክ ድራይቭ አይሁን። አንቲቫይረሱም የዊንስ ፎልደሩን አይንካ።

ትንንሾቹ

ሰርቨር ማብዛት። ማይክሮሶፍት ይመክር የነበረው ለ10,000 ኮምፒውተር አንድ ሰርቨርና አንድ መጠባበቂያ ነው። ለ80 ፒሲ አራት ዊንስ ምን ይሠራል?

ሬፕሊኬሽንን በአንድ ወገን ብቻ ማዋቀር። ሁለቱም ፑሽም (ላኪም) ፑልም (ተቀባይም) ይሁኑ፣ በመካከላቸው ያለው ፋየርዎልም ቲሲፒ 42ን ይክፈት።

በዲኤችሲፒ ኦፕሽን 44 (የዊንስ አድራሻውን) ሰጥቶ 46ን (ስም የሚፈለግበትን ቅደም ተከተል) መርሳት። ዋጋው 8 ይሁን፤ ማሽኑ መጀመሪያ ዊንስን ይጠይቃል፣ ካጣ ብሮድካስት ያደርጋል።

ሳምባ (በሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ከሆነ የዊንስ ሰርቨርነቱን በአንድ ማሽን ላይ ብቻ አብሩ። የዚያኑ ማሽን ሳምባ የሌላ ዊንስ ደንበኛ አታድርጉት፤ ሁለቱ ቅንብሮች አብረው አይሄዱም።

ለዓለም ክፍት መተው

ዊንስ ማንነት አይጠይቅም። ማንኛውም ማሽን ያልተያዘን ስም ሁሉ የእኔ ነው ማለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በሬፕሊኬሽን ፖርቱ በኩል ሰርቨሩን ከሩቅ መቆጣጠር የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ ተደፍኗል። የባሰው የኋለኛው ነው። ፎርቲኔት ሌላ ቀዳዳ አግኝቶ ሪፖርት ቢያደርግም ማይክሮሶፍት በ2017 አልደፍነውም አለ። ኮዱን በሙሉ መሥራት ይጠይቃል፣ ወደ ዲኤንኤስ ሂዱ ነው መልሱ። ስለዚህ «ፓች አድርጌያለሁ» ማለት እዚህ አያድንም። ፖርት 42 ለፓርትነሩ አይፒ ብቻ ይከፈት፣ የኔትባዮስ ስም ጥያቄ የሚመጣበት ዩዲፒ 137ም ከውጭ አይታይ።

ድንገት መንቀል

ዊንስ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ጀምሮ ዲፕሪኬትድ (ወደፊት ይወገዳል የተባለ) ነው። ከ2025ቱ በኋላ በሚወጡት ሰርቨሮች ውስጥም እንደማይኖር ማይክሮሶፍት አሳውቋል። መነቀሉ አይቀርም። ግን ዓርብ ማታ ሮሉን (ሰርቨሩ ላይ የተተከለውን የዊንስ አገልግሎት) አራግፎ ወደ ቤት መሄድ መንቀል አይደለም።

ሰኞ ጠዋት የሚሆነው ይህ ነው። ማሽኖቹ አሁንም የዊንስ አድራሻ ይዘዋል። ኔትባዮስ ስም በፈለጉ ቁጥር የሌለውን ሰርቨር ይጠይቃሉ። በነባሪው ለአንዱ ሰርቨር ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰከንድ ተኩል እየጠበቁ። ሁለት አድራሻ ከተሞላ ፎልደር ለመክፈት ዘጠኝ ሰከንድ ያህል በከንቱ ይሄዳል። ተጠቃሚው «ኔትወርኩ ዘገየ» ይላል፣ እናንተ ስዊች ትቀይራላችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሚጠቀምበት እዩ። የሰርቨሩ ስታቲስቲክስ ስንት ጥያቄ እንደመለሰ ያሳያል። በአጭር ስም የግድ መጠራት ያለባቸውን ጥቂት ሰርቨሮች ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ባለው ግሎባልኔምስ ዞን ዲኤንኤስ ላይ በእጅ አስገቡ፤ እሱ በራሱ አይመዘግብም። ለተቀሩት የዲኤንኤስ ሰፊክስ ዝርዝሩ (አጭር ስም ላይ የሚቀጠሉት የዶሜን ስሞች) በቂ ነው። ቀጥሎ ኦፕሽን 44ና 46ን ከዲኤችሲፒ አውጡ፣ ሊዙ (አድራሻው የተሰጠበት ጊዜ) እስኪታደስ ጠብቁ። አይፒያቸው በእጅ የተሞላላቸውን ሰርቨሮች፣ ፎቶ ኮፒዎችና የፋብሪካ ማሽኖች አንድ በአንድ ዞራችሁ አጽዱ። በመጨረሻ የዊንስ ሰርቪሱን አቁሙት እንጂ ሮሉን አታራግፉ። የወር መጨረሻ የሂሳብ መዝጊያ እስኪያልፍ ይቆይ፤ ያ አሮጌ ሶፍትዌር ስም የሚፈልገው ያኔ ብቻ ሊሆን ይችላል።