ወለል ላይ የፈሰሰ ውኃና ከምንጣፍ ሥር የሚቀር እርጥበት

ሐረር ውስጥ ብዙ ቤት ውኃ የሚያጠራቅመው በጀሪካንና በበርሜል ስለሆነ፣ ሲቀዳም ሲገለበጥም ጥቂት ወለል ላይ መፍሰሱ አይቀርም። በዓይን የሚታየውን ውኃ ማድረቅ ቀላል ነው፤ ቤቱን የሚጎዳው ከላስቲክ ምንጣፍና ከፍራሽ ሥር ገብቶ የሚቀረው ነው።

ውኃ እንደፈሰሰ መጀመሪያ መታየት ያለበት ወለል ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም ማከፋፈያ መኖሩ ነው፤ ውኃው ከደረሰበት የቤቱ መብራት ከዋናው ማጥፊያ ሳይጠፋ ማንም አይንካው። ከዚያም በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ከዳር ወደ መሃል ይሰብስቡት፤ ከመሃል ወደ ዳር የተገፋ ውኃ መሄጃው የግድግዳው ሥር ነውና። ጨርቁ ከተጨመቀ በኋላ በሌላ ደረቅ ጨርቅ መድገም ያስፈልጋል፤ በተለይ ሊሾ ወለል እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ አረጋውያን ባሉበት ቤት ደግሞ ይህ የሚዘገይ ሥራ አይደለም።

በአንድ ክረምት ከነደባችን (በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ ከተሠራው መቀመጫ) ጥግ የማይለቅ ሽታ አስቸግሮን ነበር። ፍራሹን ሳነሣው የታችኛው ፊቱ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት መስሎ ሻግቷል፤ ምክንያቱ አጠገቡ የቆመው፣ ክዳኑ የላላ ጀሪካን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኖቻችን የሚቀመጡት ሳፋ ውስጥ ነው። የረጠበ ፍራሽ ወይም ስጋጃ በ24 ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሊሻግት ስለሚችል፣ ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ በጠርዙ ማቆም ይገባል። ድሬዳዋ ሙቀቱ ይረዳል፤ የሐረር ክረምት ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ሻጋታውን ከሲሚንቶ ወይም ከሴራሚክ ላይ በበረኪና የሚያጸዳ ሰው አቼቶም ሆነ ሌላ ማጽጃ ከበረኪናው ጋር አይቀላቅል፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ምንም ሳይፈስ ወለሉ የሚረጥብ ከሆነ ግን መንሥኤውን መለየት ያስፈልጋል። ክንድ የሚያህል ላስቲክ በደረቀው ወለል ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ለአንድ ቀን መተው ነው። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከተገኘ እርጥበቱ ከመሬት እየወጣ ነው፤ ከላዩ ከሆነ የቤቱ አየር ስለታፈነ መስኮት መክፈት ይጠቅማል። ከመሬት ለሚወጣው መወልወያ መፍትሔ አይሆንም፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ከግድግዳው ርቆ እንዲሄድ ቦይ ማበጀትና ከውጭ ከወለሉ በላይ የተቆለለውን አፈር ዝቅ ማድረግ ይቀድማል። ምንጣፉም ወለሉን በእጅ ጀርባ ሲነኩት ቅዝቃዜና ርጥበት እስኪያጣ ድረስ ተጠቅልሎ ይቆይ።