የትኛው ተርሚኔተር ነው ደካማው? ክርክሩ ሲበላሽ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የተርሚኔተር ፊልሞች ስድስት ናቸው፣ የ1984፣ የ1991፣ የ2003፣ የ2009፣ የ2015 እና የ2019፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ለማያውቅ ሰው፦ ስካይኔት የሚባል ኮምፒውተር ወደፊት ሰውን ሊጨርስ ይነሳል፣ የሰዎቹ መሪ የሚሆነውን ጆን ኮነርን አስቀድሞ ለማጥፋት ተርሚኔተር የሚባል ሰው መሳይ ገዳይ ማሽን በጊዜ ወደ ኋላ ይልካል፣ ሳራ የጆን እናት ናት፣ ማሽኑን ሆኖ የሚሰራው ደሞ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጄምስ ካሜሮን ናቸው፣ እነሱ ላይ ማንም አይጣላም። የቀሩትን አራቱን አራት የተለያዩ ዳይሬክተሮች ናቸው የሰሯቸው፣ ሰው የሚጣላውም በነሱ ነው። እኛ ጋ ከስራ በኋላ ጭማቂ ቤት ቁጭ ስንል "የትኛው ነው ደካማው" የሚለው ነገር በወር አንዴ አይቀርም፣ አንድም ቀን ግን አልቆ አያውቅም፣ ወይ ታክሲ እንዳይጠፋ ተብሎ ይበተናል ወይ አንዱ ተናዶ ስፕሪሱን ሳይጨርስ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ሳየው ሁሌ የሚበላሸው እዛው እዛው ቦታ ላይ ነው፣ ስለዚህ መካኒክ መኪና እንደሚያዳምጠው አንድ በአንድ እንየው።

ምልክት አንድ፦ ሁለታችሁም "አምስተኛው" ትላላችሁ ግን አትግባቡም

አንዱ "አምስተኛው እኮ በቃ ቆሻሻ ነው፣ ኤሚሊያ ክላርክ ሳራን ሆና የሰራችበት" ይላል፣ ሌላው "እንዴ፣ አምስተኛው ላይ የድሮዋ ሳራ ሊንዳ ሃሚልተን ራሷ አይደለች እንዴ ያለችው" ይላል፣ ሃያ ደቂቃ ከተጨቃጨቁ በኋላ ስለ ሁለት የተለያየ ፊልም ሲያወሩ እንደነበር ይታወቃል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሦስተኛው በኋላ ፊልሞቹ ስማቸው ላይ ቁጥር የላቸውም፣ ሳልቬሽን (የ2009ኙ)፣ ጄኒሲስ (የ2015ቱ)፣ ዳርክ ፌት (የ2019ኙ) ብቻ ነው የሚባሉት። ቁጥሩን የሚሰጠው ፍላሽ ላይ የሚገለብጥላችሁ ልጅ ነው። እኔ ራሴ አንዴ "ተርሚኔተር 5 አዲሱ" የሚል ፋይል አስገልብጬ ቤት ሄጄ ስከፍተው ሳልቬሽን ሆኖ አገኘሁት፣ ለዛውም በትርጉም፣ ተርጓሚው ጆንን ሆኖ የሚሰራውን ክርስቲያን ቤልን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ "ሻለቃው" እያለ ነበር የሚጠራው፣ ደስ ይል ነበር እውነቱን ለመናገር።

መፍትሄው ቁጥር መተው ነው። በዓመተ ምህረት ጥሩት፣ ካልሆነም በሚታወቅበት ነገር፦ ክሬኑ ያለበት የ2003ቱ፣ ጦርነቱ የ2009ኙ፣ ሽማግሌው አርኖልድ ከወጣቱ አርኖልድ ጋር የሚደባደብበት የ2015ቱ፣ አርኖልድ መጋረጃ የሚሸጥበት የ2019ኙ። አዎ መጋረጃ፣ ቀልድ አይደለም፣ ቴክሳስ ውስጥ ካርል የሚባል መጋረጃ ሰቃይ ሆኗል።

ምልክት ሁለት፦ "ከሁለተኛው በኋላ ሁሉም አንድ ነው"

ይሄ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አላያቸውም። ሦስተኛውን ግማሹን በሌላ ሰው ቤት ቲቪ አይቶ የቀረውን በወሬ ነው የሞላው። "ሦስተኛው መጨረሻው ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ ጭማቂውን ይጠጣ፣ ድምፅ የለውም። ሌላ መፍትሄ አልፈልግለትም።

ምልክት ሦስት፦ ክርክሩ ስለ ልጅነት ይሆናል

ይሄኛው ከባድ ነው ምክንያቱም እኔም በሽተኛው ነኝ። ሁለተኛውን ያየሁት ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው፣ 50 ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ። ፖሊስ መሳዩ ቲ-1000 በናይትሮጅን በርዶ ደርቆ፣ አርኖልድ ተኩሶ ብትንትኑን አውጥቶት፣ ከዛ ፋብሪካው ውስጥ ካለው ሙቀት የተነሳ ቁርጥራጮቹ እየቀለጡ እንደ ሜርኩሪ ተንከባለው መገናኘት ሲጀምሩ መብራት ሄደ። በቃ ሄደ። አንድ ሰዓት ጠበቅን አልመጣም፣ ሳንቲማችንም አልተመለሰም፣ እኔ መጨረሻውን ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እስከዛ ድረስ በሃሳቤ ያ ብረት ሰፈራችን ውስጥ እየቀለጠ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ። ታዲያ ከዚህ በኋላ የመጣ ፊልም የፈለገ ቢሰራ እንዴት ነው ከዚህ ጋር የሚወዳደረው?

ብዙ ሰው "ደካማ" የሚለው "ልጅ እያለሁ እንዳየሁት አላደረገኝም" ማለቱ ነው። የ2003ቱ ላይ የሚወርደው ዱላ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው፣ ከሁለተኛው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ 12 ዓመት የተጠበቀውን ሁሉ እዳ እሱ ከፈለ።

መፍትሄ፦ አንደኛውንና ሁለተኛውን ከጠረጴዛው አንሱ። አራቱን እርስ በርስ ብቻ አወዳድሩ። ሁለተኛው መለኪያ ከሆነ ሁሉም ይወድቃል፣ ሁሉም ከወደቀ ደሞ ክርክር የለም።

(በነገራችን ላይ ሁለተኛው ላይ ዓለም የምትጠፋበት ቀን ኦገስት 29፣ 1997 ነው፣ በኛ ነሐሴ 23 ቀን 1989 ማለት ነው። ቅዳሜም ባይሆን ክረምት ነበር፣ ልጆች ችቦ ሊያስሩ ሲዘጋጁ።)

ምልክት አራት፦ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ገቢ ያነባል

"ጄኒሲስ 440 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል፣ ዳርክ ፌት 261 ብቻ፣ ስለዚህ ዳርክ ፌት ነው ደካማው፣ አለቀ።" ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ስለመሰለ ሁሉም ዝም ይላል።

ዝም አትበሉ። ከዛ 440 ውስጥ 113 ሚሊዮን ገደማው ከቻይና ነው፣ ከቻይና ደሞ ለአሜሪካው ስቱዲዮ የሚደርሰው ሩብ ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጄኒሲስ 90 ሚሊዮን አካባቢ ነው የሰበሰበው፣ ለ155 ሚሊዮን በጀት ይሄ ሐዘን ነው። ደሞም ዳርክ ፌት የከሰረው ሰው ጄኒሲስን አይቶ ስለተቃጠለ ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም፣ የቀደመው ሱቅ የበሰበሰ ቲማቲም ከሸጠልህ ቀጣዩን ሱቅ ታልፈዋለህ። የመጀመሪያው ፊልም 6.4 ሚሊዮን ዶላር በጀት ነበረው፣ እና አሁንም ቁጭ ብለን የምናወራው ስለሱ ነው። ገቢው የሚነግራችሁ ስንት ሰው ትኬት እንደቆረጠ ነው፣ ትኬት ደሞ የሚቆረጠው ከማየት በፊት ነው።

ምልክት አምስት፦ "ጆንን ገደሉት!" ብሎ የሚጮህ

ዳርክ ፌት ሲነሳ ሁሌ ይሄ ሰው አለ። እውነቱን ነው፣ ገና ፊልሙ ሳይሞቅ፣ ሁለት ፊልም ሙሉ ለማዳን የተለፋለት ልጅ ጓቲማላ ባህር ዳር ላይ በጥይት ይመታል፣ ያለ ምንም ሥነ ስርዓት። እኔም ሲኒማ ውስጥ ሆኜ "ኧረ ባካችሁ" ብያለሁ።

ግን መናደድና ደካማ ማለት ለየቅል ናቸው። የተናደድክበት ነገር ፊልሙን ይዞ የሚሄድ ከሆነ ስራውን ሰርቷል። የሊንዳ ሃሚልተንን ፊት እዩት፣ 60 ዓመት አልፏታል፣ ከመኪና ወርዳ ሮኬት ስታስወነጭፍ ያ የልጁ ሞት ነው እጇ ላይ ያለው። ከዛ ገዳዩን፣ ያንን መጋረጃ ሰቃዩን ካርልን፣ አግኝታ አንድ ጣራ ስር ስታድር፣ እሱ ደሞ ቁጭ ብሎ የልጅ ክፍል መጋረጃ ምን ቀለም መሆን እንዳለበት ሲያስረዳ፣ እኔ ሳቄም መጣ አንጀቴም ተላወሰ። ችግሩ የሌላው ነው፣ አዲሷ ዳኒ የተባለችው ልጅ የድሮዋን ሳራን ጫማ ነው ያደረጉላት፣ ስካይኔትን አጥፍተው ሊጂን የሚባል ሌላ ስካይኔት አመጡ፣ ስሙን ቀይረው ያንኑ ወጥ አሞቁት። ይሄ ትክክለኛ ወቀሳ ነው። ለጮኸው ሰው ይሄን ስጡት፣ በዚህ ይከራከር።

ምልክት ስድስት፦ ስለ ጊዜ ጉዞው ቀዳዳ መቁጠር ተጀምሯል

አንዱ ናፕኪን ላይ መስመር መሳል ከጀመረ አበቃ። "ሁለተኛው ላይ ጆን 10 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛው ላይ 13 ነበርኩ ይላል" ይላችኋል፣ ልክ ነው ይላል። "ሳልቬሽን ላይ ስካይኔት ካይል ሪስ የጆን አባት እንደሚሆን ካወቀ፣ ካይልንም ገና ልጅ ሳለ እጁ ካስገባ፣ ለምን እዛው አልገደለውም፣ ለምን ወጥመድ አደረገው?" ይላችኋል፣ ይሄም ልክ ነው፣ እኔ መልስ የለኝም፣ ፊልሙም የለውም።

ግን እኮ የመጀመሪያው ራሱ ቀዳዳ አለው፣ ጆን አባቱን ከወደፊት ልኮ ነው የተወለደው። ቀዳዳ መቁጠር ከጀመርን ስድስቱም ወንፊት ናቸው። የሚጠቅመው ጥያቄ ቀዳዳው የቱ ጋ ነው የሚለው ነው። ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ አለ፣ ጣራ ላይ ያለ ቀዳዳ አለ። የዕድሜው ነገር ግድግዳ ላይ ነው፣ ምስማር ትመታበታለህ ያልፋል። የካይል ሪስ ነገር በር ያህላል።

አሁን ወደ ጣራው ልምጣ።

ጄኒሲስ ውስጥ ታሪኩ ሁሉ የተቀየረው አንድ ተርሚኔተር ወደ 1973 ተልኮ ሳራን ገና 9 ዓመቷ ሳለች ስላዳናትና ስላሳደጋት ነው። ፖፕስ የምትለው። ፊልሙ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ማን ላከው? አይነግሩህም። ፊልሙ አልቆ ስም ዝርዝር ሲወርድ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ የለም። መልሱ ለ2017ና ለ2018 በታቀዱት ሁለት ተከታይ ፊልሞች ላይ ነበር የሚመጣው፣ ሁለቱም ተሰረዙ። ማለትም ይሄ ፊልም በዱቤ የተሰራ ነው፣ እዳው ሳይከፈል ሱቁ ተዘጋ።

ሌሎቹን በዚሁ እዩአቸው። ሳልቬሽንም ዳርክ ፌትም የሦስት ፊልም መጀመሪያ እንዲሆኑ ነበር የታሰቡት፣ አልሆነም፣ ግን የጀመሩትን የራሳቸውን ሰው ጨርሰውታል። ሳልቬሽን ላይ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆነው ማርከስ ልቡን ለጆን ሰጥቶ ይሞታል (በረሃ ውስጥ፣ ድንኳን ስር፣ የልብ ንቅለ ተከላ! እሺ ይሁን)። ዳርክ ፌት ላይ ካርል ዕዳውን ከፍሎ ይሄዳል። የ2003ቱማ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጆንና አብራው የምትሸሸው ኬት ስካይኔትን እናጠፋለን ብለው ተራራ ውስጥ ገብተው የሚያገኙት የድሮ መጠለያ ነው፣ አቧራ የጠጣ ሬዲዮ፣ የቆየ ኮምፒውተር፣ የሚጠፋ ነገር የለም፣ ስካይኔት ሶፍትዌር ሆኖ በየቦታው ተበትኗል፣ እና ቦምቦቹ ይወርዳሉ። አለቀ። አርኖልድ የኮከብ ቅርጽ መነጽር አድርጎ ለሚቀልደው ለዛ ሁሉ ቀልድ ይቅርታ ያደረግኩለት በዚህ መጨረሻ ነው፣ በዛ ላይ ያ ክሬን መንገዱን ግራና ቀኝ እየናደ፣ አርኖልድ መንጠቆው ላይ ተንጠልጥሎ መስታወት ቤት ሰንጥቆ ሲያልፍ አለ።

በዛ ላይ ጄኒሲስ አንድ ሊያስደነግጠን የሚችል ነገር ነበረው፣ ጆን ኮነር ራሱ ማሽን መሆኑ፣ እሱንም ትሬለሩ ላይ አሳዩን። ዳይሬክተሩ አላን ቴይለር ራሱ እንዳልተዋጠለት ተናግሯል። ሰርግ ሳይደርስ ቬሉ ተገልጦ ሙሽራዋን ሰፈር ሁሉ አየ።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ጄኒሲስ ነው፣ ሳልቬሽን በጥቂት ርቀት ይከተለዋል። ሳልቬሽን ደብሮኛል ግን ቢያንስ አዲስ ነገር ሞክሯል፣ ጊዜ ጉዞውን ትቶ ወደ 2018ቱ ጦርነት ወሰደን፣ አርኖልድ በወቅቱ የካሊፎርኒያ ገዢ ስለነበረ ፊቱን በኮምፒውተር ሌላ ሰው ላይ ለጥፈውም ቢሆን።

የቀሩ ትንንሽ ብልሽቶች

"ሲሪየሱስ?" የሚል ይመጣል። ከ2008 እስከ 2009 የታየው የሳራ ኮነር ሲሪየስ ነው፣ ሁለት ሲዝን ሆኖ ተቋረጠ፣ ጥሩ ነበር፣ ግን ፊልም አይደለም፣ ሌላ ቀን።

"ደካማው ሳልቬሽን ነው" የሚል ሰው ካይል ሪስን ካነሳ ተስማሙ፣ አትሟገቱ፣ በሩ በእውነት ክፍት ነው።

"ደካማው ሁለተኛው ነው" የሚል አንድ ልጅ ደሞ አለ። እኛ ጋ አለ። እሱን ለመጠገን ሦስት ዓመት ሞክረን አልተሳካም፣ አሁን ያገኘነው መላ እሱ ያንን ነገር በተናገረ ቁጥር የሁላችንንም ሒሳብ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከፍሏል።