የቮልስ ቫልቭ አስተካከል፦ 0.15 በቀዘቀዘ ሞተር

ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሜክሲኮ ከተሠሩት በቀር፣ የቮልስ ሞተር በቫልቩና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ (ሮከር) መካከል ያለውን ክፍተት በዘይት ግፊት ራሱ የሚሞላ ሃይድሮሊክ ታፔት የለውም። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ በእጅ ይስተካከላል። ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመግቢያውም ለጭስ ማውጫውም ያው። ሞተሩ ግን ሌሊቱን ያደረ፣ በእጅ ሲነካ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። «ትንሽ ከቆመ ይበቃል» የሚሉትን አይስሙ፤ ሲሞቅ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ለብ ባለ ሞተር ላይ የተለካ 0.15 ሲበርድ ይጠባል።

የሚያስፈልገው 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ሰፊ ካቻቢቴ፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ቀጫጭን የብረት ምላጮች)፣ የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ የሚያዞር 30 ቁጥር ቁልፍና ሁለት የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽግ) ነው። ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፤ ካንዴላዎቹን ቢፈቱ ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል። ክዳኑን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ይግፉት። ትንሽ ዘይት ስለሚንጠባጠብ ከስር ዕቃ ያስቀምጡ።

በሾፌሩ ቀኝ 1 እና 2፣ በግራው 3 እና 4 ሲሊንደሮች አሉ፤ 1 እና 3 ወደ መኪናው ፊት ያሉት ናቸው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስተው፣ የውስጡ ጣት ጠርዙ ላይ ካለችው ጭረት ትይዩ እስኪሆንና የፑሊው ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር እስኪገጥም ያዙሩ። አሁን 1ኛው ዝግጁ ነው፤ ሁለቱም ሮከር ላላ ማለት አለባቸው። ፑሊው ላይ ከምልክቱ በተቃራኒው በኩል ቀለም ይቀቡ። ከኋላ ሆነው ሲያዩ በሰዓት ተቃራኒ ግማሽ ግማሽ ዙር ሲያዞሩ 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4 ይደርሳል።

በሮከሩ ጫፍ ያለውን ዳዶ ያላሉ፤ የፊለር ጌጁን 0.15 ምላጭ አስገብተው ብሎኑን በካቻቢቴ ያስተካክሉ። ምላጯ ቀለል ባለ መያዝ መውጣት አለባት፤ 0.20 ደግሞ መግባት የለባትም። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ስለሚዞር፣ ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የብሎኑ ጫፍ ጎድጉዶ ከሆነ ምላጯ ጉድጓዱን ተሻግራ ስለምታልፍ ልኩ ትክክል ይመስላል፣ ሞተሩ ግን ቲክ ቲክ ማለቱን አይተውም፤ መድኃኒቱ ብሎኑን መቀየር ነው።

ክፍተቱ ከሰፋ ድምፅ ይሰማል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ከጠበበ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል፣ ይህ ይብሳል፦ የጭስ ማውጫ ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ሙቀቱን ለቴስታታው (ቫልቮቹ ላሉበት የሲሊንደር ራስ) አያስተላልፍም፤ ይቃጠላል። በተለይ 3ኛውን ይከታተሉ፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚይዝበት ከሌሎቹ ይሞቃል። ባስተካከሉት ቁጥር እየጠበበ የሚመጣ ከሆነ ቫልቩ እየተለጠጠ ነውና፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ሳይሰብር ቴስታታው ይውረድ።

ጓርኒሲዮኑን በክዳኑ በኩል ብቻ በማጣበቂያ ይለጥፉ፤ በቴስታታው በኩል ደረቅ ይሁን፣ አለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ተቀድዶ ይወጣል። ሞተሩን አስነስተው ሲሞቅ ከክዳኖቹ ስር ይመልከቱ።