በፀደይ የሥራ ቀን በበቅሎ ላይ የሚፈጸሙ፣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፀደይ ሲገባ ሥራው ይደራረባል፤ አጥር ይጠገናል፣ ፍግ ወደ ማሳ ይወጣል፣ ዘር ይመላለሳል። ለወራት ቆማ የከረመችው በቅሎም በአንድ ጠዋት ተነሥታ ስትጫንና ስትጋለብ እንድትውል ይፈለጋል። በዚህ ጥድፊያ የሚሠራ ስህተት ማታውኑ ላይታይ ይችላል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጀርባዋ ወይም ሰኮናዋ ላይ ይወጣል።

የመጀመሪያው ስህተት ከዕረፍት በቀጥታ ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ማዋል ነው። ጡንቻዋ ላልቷል፣ ኮርቻ የሚያርፍበት ቆዳም ለስልሷል። በመጀመሪያው ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእርምጃ ብቻ ይበቃታል። ወደ ሙሉ ሥራ ለመመለስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይስጧት።

ሁለተኛው፣ ጀርባዋን ሳያጸዱ መጫን። በዚህ ወቅት የቆየው ፀጉሯ ይረግፋል፤ ተንከባልላ የተቀባችው ጭቃም ሥሩ ይደርቃል። ቦርሸው ሲጨርሱ መዳፍዎን ከጋማዋ ግርጌ እስከ ወገቧ ፀጉሩን እየተቃረኑ ያሂዱት። ዓይን ያላየውን መዳፍ ያገኘዋል። አንዲት የደረቀች የጭቃ ቅንጣት ከግላሱ ሥር ግማሽ ቀን ስትፈጭ ከዋለች ገጣባ ለማድረግ ትበቃለች።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የፈረስ ኮርቻ እንዳለ አንሥቶ በቅሎ ላይ መጫን ነው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል፤ ጀርባዋ ግን አባቷን አይደብቅም። እንደ አህያ ቀጥ ያለ ነው፤ ከትከሻዋ በላይ ያለው ጉብታም ዝቅ ያለ ስለሆነ ኮርቻውን የሚያግደው ነገር የለም። ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው ይህን ለማስቆም በሆዷ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር እስክትጨነቅ ድረስ ይስበዋል፤ ቆዳዋ ይላጣል እንጂ ኮርቻው አይቆምም። የሚይዘው ከኮርቻው ኋላ ተነሥቶ ጅራቷ ሥር የሚዞረው ጠፍር ነው። በእሱና በጀርባዋ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፤ ከጠበቀ የጅራቷን ሥር ይልጣል፣ ከላላ ጥቅም የለውም። አንዲት የጅራት ፀጉር እንኳ ከሥሩ ታጥፋ መቅረት የለባትም፤ ለመራገጥ ይህ ይበቃታል።

የሆድ ጠፍሩ ከፊት እግሯ ክርን አራት ጣት ወደ ኋላ ይረፍ። ደግሞ በአንድ ጊዜ አይጥበቅ፤ ሲጭኑ ላላ አድርገው፣ ሊወጡ ሲሉ ትንሽ፣ ከ10 ደቂቃ እርምጃ በኋላ እንደገና። ሁለት ጣት በትግል ሳይሆን በቀላሉ ማለፍ አለበት። ከዚያ የፊት እግሮቿን ተራ በተራ ወደ ፊት ሳብ ቢያደርጉ ከጠፍሩ ሥር የታጠፈው ቆዳ ይዘረጋል።

ጭነትን በግምት መጫንም የተለመደ ነው። ሰውየው፣ ኮርቻውና ዕቃው አንድ ላይ ከክብደቷ 20 በመቶ ባይበልጡ ይመረጣል፤ 350 ኪሎ ለምትመዝን በቅሎ 70 ኪሎ ማለት ነው። ከተቀመጠ ሰው ኋላ ከረጢት መደረብ ይቅር፤ እዚያ ያለውን ወገቧን የጎድን አጥንት አይደግፈውም። ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ ደግሞ ኮርቻው ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን እየዘመመ ይፈትጋታል።

ሰኮናዋን ሳያጸዱ መነሣት አይገባም፤ ጭቃው ጠጠር ይደብቃል። መጫሪያው ከተረከዝ ወደ ጣት ይሂድ። ጥቁርና የሚሸት ነገር ከወጣ ሰኮናው መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው።

አዲስ ሣር ላይ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ደግነት ይመስላል፤ በቅሎ ግን በጥቂት መኖ የምትኖር ስለሆነች ለጋ ሣር ይበዛባታል። ድርቆሽ አብልተው በ15 ወይም 20 ደቂቃ ይጀምሩ፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ያርዝሙት። ሰኮናዋ ከጋለ፣ ክብደቷን ወደ ተረከዟ ካሸሸች ወይም መዞር ከከበዳት ውስጡ ተቆጥቷል፤ ሣሩን ያቁሙና ሳያስኬዷት የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

መንገድ ላይ ስትቆም ገመዱን ፊት ለፊት መጎተት ደግሞ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ቆመች ማለት እልህ ገባት ማለት አይደለም፤ መሬቱን እያየች ነው። ትንሽ ጊዜ ይስጧት፣ ገመዱን ወደ ጎን ሳብ ያድርጉ፣ አንድ እግር ባነሣች ቅጽበት ያላሉ። ዘወትር የምትሻገረውን ቦታ ዛሬ እምቢ ካለች መጀመሪያ ኮርቻው ሥር ይፈትሹ።

በዛብ ማሰርም አይገባም። ደንብራ ብትጎትት ልጓሙ አፏን ይቀደዋል። በአንገት ገመድ ሳይሆን ፊቷ ላይ በሚጠለቅ ልጓም አልባ ማሰሪያ፣ በትከሻዋ ቁመት፣ በአንድ ስበት በሚፈታ ቋጠሮ ይሰሯት።

ማታ ኮርቻውን አውርዶ ወዲያው መልቀቅ የቀኑን ትልቅ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ላቡን ይመልከቱ። ኮርቻው ያረፈበት ሁሉ እኩል ከራሰ ደህና ነው። በላቡ መካከል የተነጠለ ደረቅ ቦታ ካዩ እዚያ ግፊት በዝቷል፤ ነገ ሊያብጥ፣ ሲቆይም ነጭ ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። ቦታውን በጣት ጫን ሲያደርጉት ጀርባዋን ዝቅ ካደረገች ኮርቻው እስኪስተካከል፣ ቦታውም እስኪሽር አትጫን።